ሶፍቱን የጨረሰው ጠበቃ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ ይቺ ነፍሴ አሁኑኑ ትውጣ! ፈረንሳይኛ በሚነገርባት የጎረቤት አገር የወደብ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ቢሮ ለነበረው ለአንድ ጠበቃ አማርኛውን ወደ ፈረንሳይኛ እተረጉምለት ነበር። ሰውዬው የተጎዳ ሰውን ቃል ሳይጎዱት እንዴት እንደሚጽፉ ሥልጠና ወስዶ በመጣ ማግስት፣ ወደ የመን ስትሻገር ጀልባ ሰጥሞባት የተረፈች ዘሃራ የምትባል የወሎ ልጅ መጣች። የጥገኝነት ማመልከቻዋን የአገሩ ሹሞች ካልተቀበሏት በጭነት መኪና ወደ ድንበር መመለሷ ነው። ጠበቃው ሶፍት እስከ ጣሪያ ከመረላት። ድምፁንም ከማለስለሱ የተነሳ ከንፈሩን እያየሁ ነው የተረጎምኩት። እሷ ረጋ ብላ ተናገረች፤ ያለቀሰውም፣ ሶፍቱን የጨረሰውም እሱ ነው።

ከዚያ የጻፈውን አነበብኩላት፦ «ይህች የተሰባበረች ምስኪን፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ራሷን መርዳት ተስኗት...»

«አባባ፣ ይቺ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔማ ሁለት ሰው በጸጉር ጎትቼ ከባሕር ያወጣሁ ነኝ! እሱን የት አደረገው?»

ጠየቅኩላት። «ጠንካራ ከመሰለች ማን ያዝንላታል?» አለ ጠበቃው።

«እንዲያምኑኝ እንጂ እንዲያዝኑልኝ አልመጣሁም። ነገ ሹሞቹ ፊት ሳልንቀጠቀጥ ብቆም ውሸታም አይሉኝም?» ብላ አልፈርምም አለች።

ጠበቃው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የወደብ ዝንብ ሁሉ ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ እንደ አዲስ፣ እሷ እንዳለችው ጻፈ። ከወንበሩም ተነስቶ «ይቅርታ፣ እመቤቴ» አላት። ዘሃራም ጥገኝነቱ ተፈቅዶላት ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ጀመረች።

እንግዲህ ነፍሴ እንዳትወጣብኝ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ይቅርታውን።