ብረት አይንካቸው የተባሉት መምህርት

መምህርት ዘርትሁን ሀብተ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ማርያም ሣህሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮሐ ደምሰው በ1957 ዓ.ም. በአርሲ፣ ሲሬ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን አሰላ ተከታትለው፣ በመምህርነት ሠልጥነው ከተመረቁ በኋላ በአቦምሳና በአሰላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምረዋል። ቆሽት የሚያርር ብቻ ሳይሆን ምግብ የሚያስፈጭም አካል መሆኑን በጠመኔ ሥለው ሲያሳዩን፣ እዚህ ከቆምነው ስንቶቻችን ስቀን አልፈናል!

በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ተክለወልድ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤፍራታንና ቤርሳቤህን ወለዱ፤ ባለቤታቸውን በሞት ከተነጠቁ በኋላም ሁለቱን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሕይወት ታሪካቸውን በቀብራቸው ላይ ለሚያነበው ሰው ተጽፎ የተሰጠው ወረቀት «በሀገር ውስጥ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል። ውሸት ነው፤ አይነበብም። አልተረዱም፤ ተከለከሉ እንጂ።

አምና በጥቅምት ሆዳቸውን ቢያማቸው አሰላ በአልትራሳውንድ ታይተው ቆሽታቸው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተገኘ። ሐኪሙም፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ባለ አልትራሳውንድ እብጠቱ ከቅርብ እየታየ በመርፌ ናሙና ተወስዶ፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንዲለይ ብለው አዲስ አበባ ቀጠሮ አስያዙላቸው። እሳቸው ዕለቱኑ ሻንጣቸውን አዘጋጁ። እኛ ዘመዶቻቸው ግን ተሰበሰብን። ቆሽት የት እንደሚገኝ እንኳ የማናውቅ ሰዎች፣ እብጠት ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይሰራጫል ብለን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ባስተማሩ ሴት ላይ ፈረድን! ወረቀት ላይ ሥለው ቢያስረዱን ደረቅ አልናቸው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋይዛ ብቻ አብረዋቸው ሊሄዱ ቢነሡ፣ በቤተሰብ ጉዳይ አይግቡ ተባሉ። አሁንም እምቢ ሲሉን የሰማንያ ሦስት ዓመት እናታቸው ጡታቸውን ይዘው እንዲለምኗቸው አደረግን፤ ያኔ ተሸነፉ። ስልክ ደውሎ ቀጠሮውን የሰረዘው ሌላ ማንም አይደለም፤ ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው እንደሻው ነው።

ከዚያ ጸበል ወሰድናቸው። ጸበሉን አንወቅሰውም፤ ጸበል ሐኪም ቤት አትሂዱ ብሎ አያውቅም፣ ያልነው እኛ ነን። ከዘጠኝ ወር በኋላ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሰውነታቸው አልቆ፣ ያንኑ መርፌ ፍለጋ አዲስ አበባ ስንደርስ ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳየ፤ ለቀዶ ሕክምናም ጊዜው አልፎ ነበር። ዶክተሯ እኛ የፈራነው ነገር እምብዛም እንደማያጋጥም ሲያስረዱን ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እሳቸው ግን በጥቅምት መጥቼ ቢሆን ኖሮስ ብለው ጠየቁ፤ ምናልባት ተቆርጦ ይወጣ ነበር ተባሉ። ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ ይህን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲናገር በእናታቸው አስማሉት። እነሆ፣ ተነገረ።

መምህርት ዘርትሁን ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ከአቦምሳ እስከ አሰላ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እኛን ግን፣ ነገም በሌላ በሽተኛ ላይ ተሰብስበን ልንፈርድ የምንነሣውን፣ አያሳርፈን። አሜን በሉ።