በሰው ትንፋሽ

«ዛሬ እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነው፣ የኔ ልጅ! ነፋሱ እንኳ ይነፍስ ይነፍስና... ትንሽ ቆም ይላል። ሻይሽን ጠጪ እንጂ። ጉሮሮሽ እንዴት አደረ?»

አንጋፋው የድምፅ ባለሙያ ይህን የሚሉት የጆሮ ማዳመጫቸውን በመሀረብ እየወለወሉ ነው። የሚያነጋግሩት ወጣቷን ዜና አንባቢ ነው፤ ትናንት ማታ በቀጥታ ሥርጭት መሀል ትንፋሽ አጥሯት ያቋረጠችውን፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ወንበሩን ሌላ ሰው ይሞክረው» የተባለባትን። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። ድምፃቸው ግን እሷን አልፎ፣ ዜናውን የሚጽፈው ሰውዬ ኪቦርዱን እስከሚቀጠቅጥበት ጥግ ድረስ ይሄዳል።

«እኔ መቼም ሰው አላማም። ደግሞስ ምኑ ይታማል? እንዲህ ያለ ትጉህ ጸሐፊ! ሌላው ይጽፋል፣ ነጥብ ያደርጋል፣ ያርፋል። ሰነፍ ሁሉ! የኛው ሰው ግን አራት ነጥብን እንደ አባት ርስት ይሳሳላታል... ለልጅ ልጆቹ ሊያወርሳት ይሆን?

የትናንቱን አየሽው? ከንቲባውን ድልድዩ ላይ አቆማቸው፣ ሪባኑን ሳይቆርጡ ጎርፉን ለቀቀባቸው። ጎርፉ ሳይጎድል ኳሱ ገባ፣ ግቡ ሳይጸድቅ የሐኪሙ ቀብር ደረሰ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ዓረፍተ ነገር! ቸር ሰው ነው፤ ማንንም ደጅ አያሳድርም። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ሳይሽ፣ መጀመሪያ ቀላሽ፣ ከዚያ ጠቆርሽ፤ ቀብሩ ላይ ስትደርሺማ... የማን ቀብር እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ማገናኘት ጽድቅ ነው፣ አልቃወምም። ግን ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ መሀል የሚቆም ሽማግሌ ይፈልጋሉ አይደል? አንድ ‹ስለዚህ›፣ አንድ ‹ግን›... ካልተስማሙም ነጥብ ይደረግና በየቤታቸው ያድራሉ። ያለ ሽማግሌ ሲሆን... ጠለፋ ነው አልልም። እኔ ምን አውቃለሁ? ሽቦ ጠምጣሚ ነኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ጎበዝ ግን ጭራሽ ሳይታጠቅ ይሮጣል!

‹ጽሑፉ እንከን የለውም፤ ሳንባ የሌላት እሷ ናት› ብሎ ለኃላፊው አስረዳ አሉ። እውነቱን ነው! እንዳንቺ ሁለት ሳንባ ብቻ ይዞ የተፈጠረ ሰው እዚህ ሥራ ላይ ምን ያደርጋል? እኔም ይህን እንደሰማሁ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ‹ጌታዬ፣ ወንበሩ ለባለ ሳንባው ይሰጥ› አልኳቸው። ‹የዛሬውን ዜና እሱ ራሱ እንደጻፈው ያንብበው። ከተወጣው ልጅቷ ትነሳ፤ ካልተወጣው ግን ልጅቷ ትቀመጥ፣ ጽሑፉ ይነሳ።› ደስ አላቸው፣ ተስማሙ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ታዲያ ክፉ አሰብኩ እንዴ?

ምነው... ኪቦርዱ ዝም አለ? ነጥቧ ያለችበትን እየፈለገ ይሆን? እዚያው ናት እኮ፤ ሰው ስላልነካት እንደ አዲስነቷ ታበራለች።

ተይው፣ የኔ ልጅ፣ ሰውን መመረቅ ነው የሚሻለው። ፈጣሪ ዕድሜውን እንደ ዓረፍተ ነገሩ ያርዝምለት። ይሄን ሁሉ ዘመን በሰው ትንፋሽ ኖሯልና፣ ዛሬ ማታ ደግሞ... የራሱን ይስጠው።»