ለእንግዳ የሚቆም ደንገል

ግንቦት፣ ረፋድ ላይ፤ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ታንኳ ሠሪው አያ ይኸነው የደረቀ ደንገል እየጠፈረ ሳለ፣ የዳርቻ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆነው አበልጁ ደምለው አጠገቡ ቆሞ ይለምነዋል።

ደምለው፦ ለአንድ ቀን ብቻ አውሰኝ አልኩህ እኮ! ነገ ማታ አንድ አገዳ ሳይጎድል እመልስልሃለሁ።

ይኸነው፦ ቆይ፣ በደንብ ልስማህ፤ ጆሮዬም አርጅቷል። ለታንኳ ያደረቅሁትን ደንገል ወስደህ ጭቃ ላይ ልትሰካው?

ደምለው፦ እንዳይወድቅ በድንጋይ እናስደግፈዋለን።

ይኸነው፦ እሰይ! እኛ ሞኞቹ እግዜር ያበቅለዋል ስንል ኖርን።

ደምለው፦ አትቀልድ፣ አያ ይኸነው። ሥራችንን ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ነገ ጠዋት ከች ይላሉ። ሪፖርቱ ላይ «ሦስት መቶ ሜትር ዳርቻ ደንገል መልሰን አልብሰናል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ይኸነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እስቲ ንገረኝ፣ የደንገሉ ቦታ ላይ የቆመው የማን በቆሎ ነው? ዓይኔም ደክሟል።

ደምለው፦ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ይኸነው፦ ለካ የሊቀ መንበሩ ነው! «ሐይቃችንን እንጠብቅ» የሚል ቆብ አድርጎ ሲያርስ ያየሁት! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እኔ አልፈርድብህም።

ደምለው፦ ስድስት ነፍስ ነው የማበላው። ውኃው ሸሽቶ መሬቱ ባዶውን ሲቀመጥ ምን ላድርግ?

ይኸነው፦ ባዶውን? ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው የት ነበር? እዚያ ደንገል ሥር አይደል? አባቴም እኔም ከውኃው በላይ በማጭድ ነው ስንቆርጥ የኖርነው። ዘንድሮ ይህን ወገን፣ ለከርሞ ያንን። ሥሩን ማንም አይነካም። አንተ መጣህና ከነሥሩ ነቀልከው። አሁን ደንገል ፍለጋ የግማሽ ቀን መንገድ እቀዝፋለሁ፤ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ። ልጄም መረቡን ጠቅልሎ ለቀን ሥራ ከተማ ገባ። ይቺ ታንኳ የመጨረሻዬ እንዳትሆን እፈራለሁ፣ አበልጄ። ስፈራ ደግሞ ቀልዴ ይበዛል።

ደምለው፦ ልጄን ክርስትና ያነሳህልኝ ሰው ነህ። ነገ በሰው ፊት ብዋረድ ደስ ይልሃል?

ይኸነው፦ ኧረ ምን ደስ ይለኛል! ዝግጅቱ እንዳይጎድል ነው የምጨነቀው። ለመሆኑ ወፎቹንስ ከማን ተዋስክ?

ደምለው፦ ወፍ ደግሞ ማን ይጠይቃል?

ይኸነው፦ እንቁራሪትም ያስፈልጋል። ችግር የለም፣ ጸሐፊህ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጩህልህ። ስብሰባ ላይ ድምፁ ጥሩ ነው።

ደምለው፦ ከሞተር ጀልባ ላይ ሆነው በሩቁ ነው የሚያዩት አልኩህ! ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ አለቀ።

ይኸነው፦ ይኸ ደንገል ራሱ የተቆረጠ ነው። ራስ የሌለው ደንገል ቆሞ አይተው ያውቃሉ?

ደምለው፦ ከሩቅ አይታወቅም።

ይኸነው፦ እሱስ ልክ ነህ። ኮሚቴውም እስከ ዛሬ አልታወቀበትም።

ደምለው፦ እሺ! ምንድነው የምትፈልገው? ቁርጡን ንገረኝ።

ይኸነው፦ ከጓሮዬ ረግረጉ ላይ ያ ጆንያ የለበሰ ክምር ይታይሃል? ዘንድሮ ማሳህን ስታሰፋ ነቅለህ የጣልከው ሥር ነው። አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ውኃ እያጠጣሁ አቆየሁት። አቆጥቁጧል። ሰዎችህን ጠርተህ ዛሬውኑ ትከሉት። እንግዶቹ ነገ ሲመጡ እስከ ጉልበታችሁ ጭቃ ውስጥ ያግኟችሁ፤ ያኔ ኮሚቴ አለ ይባላል።

ደምለው፦ የት ነው የምንተክለው?

ይኸነው፦ ከነቀልክበት።

ደምለው፦ በቆሎዬ ላይ? እሸት ሊሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው?

ይኸነው፦ ሁሉንም አላልኩም። አምና ክረምት ማዕበሉ ስንት ረድፍ ወሰደብህ?

ደምለው፦ አሥር። እንዲያውም አሥራ ሁለት።

ይኸነው፦ ያንኑ ለደንገሉ ልቀቅለት። የቀረውን እሱ ይጠብቅልሃል፤ ያለ አበልና ያለ ቆብ።

ደምለው፦ አይሆንም! ሌላ ታንኳ ሠሪ እጠይቃለሁ። አንተም ነገር አትቆስቁስ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ይኸነው፦ እኔማ ዝም ብዬ ታንኳዬን እየጠፈርኩ ነበር። ጠዋት ከከተማ ተደወለልኝ እንጂ።

ደምለው፦ ማን ደወለ?

ይኸነው፦ እንግዶቹን የሚያመጣው ሰውዬ። ካንተ ማሳ የታጠበው አፈር ወደባችንን በደለል ሞልቶታል፤ ሞተር ጀልባው አይገባም። ከጥልቁ ውኃ ላይ ተቀብዬ፣ በአሮጌዋ ታንኳዬ ሁለት ሁለቱን እየጫንኩ ላመጣቸው ተነጋግረናል።

ደምለው፦ አንተ? ራስህ ልታመጣቸው?

ይኸነው፦ ራሴ። ታንኳ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ብዙ ታስወራለች።

ደምለው፦ ...ለአሥራ ሁለት ረድፍ በቆሎ የሚሆን ማጭድ አለህ?