በሚካኤል ዕለት የተቀበረው ተከዜ

በኛ ጊዜማ ልጄ፣ በሚካኤል ቀን አካፋ የሚያነሳ ሰው ሰላምታም አያገኝ! ምን ያስቅሻል? እውነቴን ነው።

ታዲያ ተከዜ ሲገደብ እኔ ካፖ ነበርኩ፤ ሠላሳ የጃናሞራ ጎበዝ የማሠራ ካፖ። ለደመወዙ ብቻ እንዳይመስልሽ የወረድኩት። ታናሽ ወንድሜን መኮንንን ያ ወንዝ ሲሻገር ወስዶብኛል፤ ሬሳውን እንኳ አላገኘነውም። እና ሊገደብ ነው ሲሉኝ፣ "ይኼ ወንዝ ሲታሰር ሳላይ አልሞትም" ብዬ ወረድኩ።

ታዲያ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ኮንክሪት መሙላት ተጀመረ፤ የማታው ተረኛ ሲሞላ አድሮ ጠዋት ተራው የኛ ሆነ። ብመጣ ጎበዙ ሁሉ አካፋውን ጥሎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቁጭ ብሏል። "ምነው?" ስል፣ "አያ ደምሌ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!" አሉኝ። ፈረንጁ መሐንዲስ ፊቱ በርበሬ መስሎ እየሮጠ መጣ፣ "ደምሌ! ሲሚንቶ ደረቅ! ሲሚንቶ ደረቅ!" እውነቱን ነው። የሌሊቱ ከደረቀ የዛሬው አይይዝለትም፤ ግድቡ በዚያ በኩል ሲያፈስ ሊኖር ነው። እኔም ደግሞ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ። ጨነቀኝ፣ በጣም ጨነቀኝ።

እና ምን አልኳቸው? "ሰው ሲሞት በሚካኤል ቀንም ቢሆን መቃብር ይቆፈራል፣ አይቆፈርም?"

"ይቆፈራል እንጂ!" አለኝ ደስታ የሚባል አንድ ነገረኛ፤ "ሬሳ ይቆያል እንዴ?"

"ይኼም ሲሚንቶ አይቆይም!" አልኩት።

"ታዲያ ማን ሞተና ነው አያ ደምሌ?" ብሎ አሾፈብኝ።

ደሜ ፈላ። "ተከዜ ነዋ! ወንድሜን የበላው ተከዜ ዛሬ ሞቷል! አልቀብርም የሚል ይቅር!" አልኩና አካፋዬን አንስቼ ብቻዬን ገባሁ።

ታዲያ መጀመሪያ የተነሳው ማን መሰለሽ? ያው ደስታ! "ለመኮንን ስል ነው እንጂ ላንተስ አልነሳም ነበር" እያለ። ሌሎቹም ግልብጥ ብለው ተከተሉት። ሞልተን ጨረስንና የሚካኤልን ጠላ ከነአቧራችን ጠጣን። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ወንድሜ የተቀበረ ያን ዕለት መሰለኝ።

"አያ ደምሌ፣ ሚካኤልስ አልተቆጣም?" ትዪኛለሽ?

ቢቆጣማ ያፈስ ነበር! ሂጂና እይው፣ ጠብ አይልም፤ ሸጋ ሥራ ነው። ሚካኤል ራሱ ከኛ ጋር ቀብር ውሏል ባይ ነኝ፣ ሃሃሃ!