ዘማች ወይስ ሸማች

አዲስ አበባ፣ የኮርያ ዘመቻ ጊዜ፤ ለዕረፍት መጥቶ የነበረው ምክትል መቶ አለቃ ልዑልሰገድ ወደ ግንባር ሊመለስ ሲነሣ፣ እናቱ ወይዘሮ ትርንጎ በሩን ዘግተው ቆመዋል።

ትርንጎ፦ አልመርቅም አልኩ። መኪናው ጡሩንባውን ሲነፋ ይዋል።

ልዑልሰገድ፦ እትዬ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ሥራዬ ስንቅ ነው። ወደብ ላይ ሽንኩርት ስገዛ ማን ይተኩስብኛል?

ትርንጎ፦ ዘማች ነህ ወይስ ሸማች?

ልዑልሰገድ፦ ሸማች።

ትርንጎ፦ ሸማች እንዲህ ይከሳል? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ።

ልዑልሰገድ፦ የመርከቡ ጉዞ ነው ያከሳኝ።

ትርንጎ፦ ጆሮህንስ ምን በላው? ቆብህን እየጎተትክ ስትሸፍነው አላየሁም መሰለህ?

ልዑልሰገድ፦ ብርድ ነው። የኮርያን ብርድ አታውቂውም።

ትርንጎ፦ መጋዘን ውስጥ?

ልዑልሰገድ፦ መጋዘኑ በር የለውም።

ትርንጎ፦ የጦር እህል በር በሌለው ቤት ይቀመጣል። ይሁን። ምን ምን ትሸምታለህ?

ልዑልሰገድ፦ ሩዝ፣ ዓሣ፣ አትክልት። በርበሬም አላቸው፤ እንዳንቺ በርበሬ አያቃጥልም እንጂ ቀይ ነው። የጦሩን ልጆች የቆርቆሮ ሥጋ አንገሽግሿቸው ስለነበር መንደር ለመንደር ዞሬ አገኘሁላቸው። ሲበሉ ብታዪያቸው፣ ዕንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር።

ትርንጎ፦ ሲበሉ አየሃቸው?

ልዑልሰገድ፦ አዎ... ማለቴ፣ ነገሩኝ።

ትርንጎ፦ የት ሆነው ነው የበሉት?

ልዑልሰገድ፦ ምሽጋቸው ውስጥ። ኮረብታ ላይ ነው፣ ከወደቡ ሩቅ ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ በርበሬው እግር አውጥቶ ወጣ?

ልዑልሰገድ፦ ተሸካሚዎች አሉ። የአገሩ ሰዎች።

ትርንጎ፦ ከፊታቸው ማን ይሄዳል?

ልዑልሰገድ፦ መንገዱን የሚያውቅ ሰው።

ትርንጎ፦ መንገዱን የሚያውቀው ማነው?

ልዑልሰገድ፦ እትዬ...

ትርንጎ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በል ቆብህን አውልቅና ተኛ። ታሟል ብዬ ሾፌሩን እመልሰዋለሁ። ኮረብታውን ሌላ ሰው ይውጣው።

ልዑልሰገድ፦ ሌላው መንገዱን አያውቀውም። አንድ ጊዜ እኔ ታምሜ የላኳቸው ተሸካሚዎች መንገዱ ጠፍቷቸው ተመለሱ፤ ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ። ዘርፉም ምሽጉ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ነበር።

ትርንጎ፦ የትኛው ዘርፉ? የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ? ጽሕፈት ቤት ነው ያለው አላልክም?

ልዑልሰገድ፦ እናቱ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።

ትርንጎ፦ ሁለታችሁም ውሸታሞች። እሱ እኮ ረኀብ አይችልም። ልጅ ሆኖ ከድስቴ ሥር አይጠፋም ነበር።

ልዑልሰገድ፦ አሁንም ሲያየኝ፣ «የእማማ ትርንጎ ወጥ መጣ» ይላል።

ትርንጎ፦ እንዲህ ይላል?

ልዑልሰገድ፦ ይላል። ሳትመርቂኝ ግን አልወጣም፤ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ሾፌሩን ልመልሰው?

ትርንጎ፦ ና ወዲህ፣ ጎንበስ በል፤ እጄ ከራስህ አይደርስም። ስንቁን ይዘህ ኮረብታውን ስትወጣም እንዲሁ ጎንበስ ብለህ ውጣ።