ገራዶ የተመረቁት ብልቃጦች

የሞለኪውላር ባዮሎጂ ማስትሬቴን ስሠራ የሰው ምራቅ ፈልጌ ደሴ አጠገብ ወዳለችው ገራዶ ሄድሁ። ምራቅ ውስጥ ዲኤንኤ አለ፤ ጥናቴም ማን ከማን ይዛመዳል የሚል ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ እንድሪስ ጎረቤቱን ግቢያቸው ሰበሰቡልኝ። ብልቃጦቼን ሰሌን ላይ ደርድሬ ክዳናቸውን ከፍቼ ስጨርስ፣ "ቆይ ልጄ፣ ያለ ዱዓ የተጀመረ ሥራ አያምርም" አሉኝ። እጃችንን ዘረጋን። ለእኔም፣ ለአስተማሪዎቼም ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ወደ ብልቃጦቹ ጎንበስ አሉና ከዳር እስከ ዳር እንትፍ እንትፍ እያሉ መረቋቸው። ሰው ሁሉ "አሚን" አለ። እኔም አልሁ። ሽማግሌ ሲመርቅ ሌላ ምን ይባላል? ትርፍ ብልቃጥ አልያዝሁም፤ ትንሽ ፍንጣቂ ምን ታመጣለች ብዬ የሰዉን ምራቅ እዚያው ላይ ሰብስቤ፣ በኮምቦልቻ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ።

ውጤቱ ሲመጣ አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ ሰፈር በሙሉ የአንድ ሰው ዘር ነው እንዴ?" አሉኝ። "አይ፣ የአንድ ሰው ምርቃት ነው" አልኋቸው። ነገሩን አስረዳሁ። "ምርቃት ጥናት ውስጥ አይገባም፤ ሂድና እንደገና ሰብስብ" አሉኝ። አዲስ ብልቃጥ ይዤ ገራዶ ተመለስሁና፣ "ሸህ እንድሪስ፣ የእርስዎ ምራቅ በሁሉም ሰው ምራቅ ውስጥ ተገኘ" አልኋቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ዱዓው ደርሷል ማለት ነው" አሉ። ከዚያ አዲሶቹን ብልቃጦች አየት አድርገው፣ "በል ክፈታቸው" አሉኝ።