ከአክስቴ ጋር ዓይን ልንታይ ሄደን

ስኳር ያለባቸውን አክስቴን ሐዋን ለዓይን ምርመራ ከመርሳ ወልድያ ወሰድኳቸው። እኔም ስኳር አለብኝ፤ ግን ደህና ስለማይ የመታየት ሐሳብ አልነበረኝም። «አንቺ ካልታየሽ እኔም አልታይም!» ብለው ድርቅ አሉ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ለሁለታችንም ተደረገልንና የዓይናችን ውስጥ ፎቶ ተነሳ። የእሳቸው ንጹሕ ሆነ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የዓይንሽ የደም ሥሮች መጎዳት ጀምረዋል። ገና ጅማሬው ስለሆነ ስኳርሽን ከተቆጣጠርሽና በየጊዜው ከታየሽ ዓይንሽን እናተርፈዋለን» አለኝ። «እኔ እኮ ደህና ነው የማየው!» አልኩት። አክስቴ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስንበት!» ብለው እልልታውን ሲያቀልጡት እኔም ሳቄ መጣ።

ስንወጣ ጠብታው ሁሉን ነገር አደብዝዞብናል። እሳቸው የምመራቸው እኔ መስያቸው፣ እኔ ደግሞ የሚመሩኝ እሳቸው መስለውኝ ተያይዘን ከአጥር ጋር ተላተምን። እየተንከተከትን የረዳቱን «መርሳ! መርሳ!» ተከትለን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። አክስቴ ገና ሳይቀመጡ፣ «ስኳር ያለባችሁ ሁሉ ሂዱና ዓይናችሁን ታዩ!» ብለው አወጁ። ሹፌሩ ዞር ብሎ፣ «እናቴ፣ እኔም አለብኝ፤ ታይቼ ግን አላውቅም» አለ።

«በል አሁኑኑ ውረድ፣ እንጠብቅሃለን!»

«አክስቴ፣» አልኳቸው በሳቅ እየፈረስኩ፣ «ጠብታውን ካደረጉለትማ ማን ይነዳልናል?»

ሹፌሩ ነገ በጠዋት ሊታይ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ምሎ ሞተሩን አስነሳ።